ጀማሪ ፎቶግራፍ አንሺ በኪዮቶ፦ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ሰው ፈቃድ

ለትምህርት ወደ ጃፓን የሚሻገሩ፣ ወይም በዕረፍት ወራት አገሪቱን ለማየት የሚያስቡ አባሎቻችን ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የካሜራ ጉዳይ ነው። ምን ዓይነት ልግዛ፣ ስንት ይፈጅብኛል፣ የትስ ሄጄ ላንሳ ይላሉ። በአንጻሩ ደግሞ ፎቶግራፍ ማንሳት ለተማሪ ኪስ የማይስማማ ቅንጦት ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። አባባላቸው በከፊል እውነት ነው፤ የቤት ኪራዩን በሌንስ ለውጦ ወሩን በብድር የሚገፋ ተማሪ አይታጣም። ነገር ግን ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ሰው የጀማሪ ፎቶግራፍ አንሺ ዋና ችግር የመሣሪያ እጥረት ሆኖ አይገኝም። አንደኛው ችግር ብርሃንን አለማወቅ ነው፤ ሁለተኛውና የሚብሰው ደግሞ የሚነሳውን ሰው እንደ አገር መልክዓ ምድር መቁጠር ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ነገሮች በአንዲት ከተማ፣ በኪዮቶ፣ ምሳሌነት ለማስረዳት የቀረበ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ሰዓቱ ግን እንደ አገራችን ልማድ የተቆጠረ ነው፤ ጃፓኖች በበር ላይ 6 ብለው የጻፉት ለእኛ የጧቱ 12 ሰዓት መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

ለምን ኪዮቶ?

ኪዮቶ ከ794 አንስቶ ንጉሠ ነገሥቱ በ1869 ወደ ቶኪዮ እስኪዛወሩ ድረስ ከ1,000 ዓመት በላይ የጃፓን መናገሻ ሆና የኖረች ከተማ ናት። በከተማዋና በአጠገቧ ባሉት በኡጂና በኦትሱ የሚገኙ 17 ጥንታውያን ቦታዎች በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። በ1945 አሜሪካኖች አቶሚክ ቦምብ ሊጥሉባቸው ካጩዋቸው ከተሞች መካከል ኪዮቶ አንዷ እንደነበረች ብዙ ሰው አያውቅም። ከዝርዝሩ ያስወጧት የጊዜው የጦር ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን ሲሆኑ፣ ናጋሳኪ በዝርዝሩ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ጎብኚ ካሜራውን የሚደቅንበት የእንጨት ሕንፃ ሁሉ በአንድ ባለሥልጣን ቃል የተረፈ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ለጀማሪ የምትመችበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከተማዋ በሰሜን፣ በምሥራቅና በምዕራብ በተራራ የተከበበች ስለሆነች አቅጣጫ ለመለየት አታስቸግርም፤ መንገዶቿም እንደ ቼዝ ሰሌዳ ቀጥ ብለው የተሠመሩ ናቸው። ፎቶግራፍ አንሺ ደግሞ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣና በየት በኩል እንደምትገባ ካወቀ ከሥራው ግማሹን ጨርሷል። በተጨማሪም በ2007 የከተማው አስተዳደር በመሐል ከተማ የሕንፃ ከፍታ ከ31 ሜትር እንዳይበልጥ ወስኖ፣ በጣሪያ ላይ የሚተከል ማስታወቂያንና ብልጭ ድርግም የሚል መብራትን ከልክሏል። በመሆኑም ከጥንታዊ ጣሪያ በስተጀርባ የመጠጥ ማስታወቂያ ተገትሮ ፎቶውን የሚያበላሽበት አጋጣሚ ከሌሎች ትላልቅ ከተሞች ይልቅ እዚህ ያንሳል።

ስለ መሣሪያው

በመጀመሪያ፣ ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ በኪሱ የያዘ ሰው መሣሪያ የለኝም ብሎ አይዘን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በስልክ ብቻ ማንሳት ገንዘብ ከማዳኑም በላይ ሰውየው ምን ማንሳት እንደሚወድ ለራሱ ያሳየዋል። ጃፓን ውስጥ የተሸጠ ስልክ ግን አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ፎቶ ሲያነሳ የሚያሰማው ድምፅ አይጠፋም። ይህ ሕግ ያስገደደው ሳይሆን ሰውን ተደብቆ ማንሳትን ለመከላከል የስልክ ኩባንያዎች በራሳቸው የተከተሉት ልማድ ነው። ወደ ኋላ የምንመለስበት ነጥብ ስላለ አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝ።

ከስልክ አልፎ ካሜራ ለመግዛት የቆረጠ ተማሪ አዲስ መግዛት አያስፈልገውም። ጃፓን ያገለገለ ካሜራ በሥርዓት የሚሸጥባት አገር ናት። ዕቃው ተፈትሾ፣ እንደ ጉዳቱ መጠን በላቲን ፊደል ደረጃ ተሰጥቶት፣ ጭረቱ ሁሉ በትንሽ ካርድ ተጽፎ በመስታወት ሣጥን ይቀመጣል። ካኖንና ኒኮን ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች ካዞሩ ወዲህ፣ ባለ መስታወት የሆኑት ቀዳሚዎቹ ዋጋቸው ወድቋል። የዛሬ 10 ዓመት የተሠራ ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ካሜራ ግን ዛሬም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ያነሳል። ከነሌንሱ በ40,000 የን አካባቢ የሚገኝ ጥሩ ዕቃ አለ። አንዳንድ መደብሮች በር ላይ "ጃንክ" የሚል የተጻፈበት ቅርጫት ይታያል፤ ዋጋው የምሳ ዋጋ ነው፣ ነገር ግን ያለ ምንም ዋስትና የሚሸጥ፣ ሊሠራም ላይሠራም የሚችል ዕቃ ነው። መሣሪያ መፍታትና መግጠም ለሚወድ ሰው መጫወቻ ይሆናል እንጂ ለጀማሪ አይመከርም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገር መፈተሽ ይገባል። የመጀመሪያው ቋንቋው ነው። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ ካሜራዎች፣ በተለይም ብዙዎቹ የሶኒ ሞዴሎች፣ ትእዛዛቸውን የሚያሳዩት በጃፓንኛ ብቻ ነውና ሻጩ ካሜራውን ከፍቶ የቋንቋውን ዝርዝር እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሁለተኛው ሻጋታ ነው። የጃፓን በጋ እርጥበቱ ከባድ በመሆኑ በሌንስ መስታወቶች መካከል እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ይበቅላል። የስልኩን መብራት በአንድ ወገን አብርቶ በሌላው ወገን ሲመለከቱት ይታያል፤ ከታየም ሌንሱን መመለስ ነው። ሦስተኛው ባትሪ መሙያው ነው። በጃፓን የመብራት ኃይል 100 ቮልት ሲሆን እኛ በምንኖርበት አካባቢም ሆነ በአገራችን ከ220 በላይ ነው። መሙያው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈ ችግር የለም፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። 100 ብቻ የሚል ከሆነ ግን እዚህ ተመልሰን በሰካነው ዕለት ተቃጥሎ ይቀራል።

ሌንስ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ጀማሪን ያደናግራሉ። በሚሊሜትር የተጻፈው ሌንሱ የሚያየውን ስፋት ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያያል፣ ሲበዛ ደግሞ ከሩቅ ያለውን አቅርቦ በጠባቡ ያያል። ከ"ኤፍ" ጋር የተጻፈው የሌንሱ ዓይን ምን ያህል እንደሚከፈት የሚገልጽ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዓይኑ ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃንም ያስገባል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሆነው ሌንስ በረጅሙ ጫፍ ላይ ኤፍ 5.6 ነው። ባለ 35 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 የሆነ ቋሚ ሌንስ ከዚያ 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ይህ ልዩነት በኪዮቶ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የእንጨት ሕንፃዎቹ ውስጣቸው ጨለማ ነው፤ በብዙዎቹ ቤተ መቅደሶች ደግሞ ብልጭታ መጠቀምም ሆነ ባለሦስት እግር ማቆሚያ መትከል አይፈቀድም። ስለዚህ ለጀማሪ ከካሜራው ቀጥሎ የሚገዛው አንድ ዕቃ ይኸው ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ነው እላለሁ። አቅርቦ ወይም አርቆ ማየት አይችልም፤ መቅረብ የፈለገ በእግሩ ይቀርባል፣ ይህም ራሱ ትምህርት ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ትርፍ ባትሪ፣ ሁለት የማስታወሻ ካርድ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ በየጥጉ ሱቅ የሚሸጠው ብርሃን የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ጃንጥላ። ትልቅ የሩቅ ማያ ሌንስ መግዛት አያስፈልግም። ድሮንም ይዞ መምጣት ትርፉ ጣጣ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ 100 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሁሉ መመዝገብ ያለበት ከመሆኑም ሌላ ቤት በበዛበት ሰፈር ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው።

ስለ ብርሃኑና ስለ መንገዱ

የኪዮቶ ጎብኚ ብዛት የታወቀ ነው። በሰው ጀርባ ተከቦ ላለመዋል ያለው መፍትሔ በማለዳ መነሳት ነው። በጁን ወር ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 10፡45 ገደማ ሲሆን በዲሴምበር ግን ወደ ጧቱ 1 ሰዓት ትዘገያለች፤ በዚሁ ወር ከቀኑ 10፡45 ላይ ትጠልቃለች። የክረምት ተማሪ ሌሊቱን ሳይሠዋ ማለዳውን ያገኛል ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጉዞ ከፉሺሚ ኢናሪ የተሻለ ቦታ የለም። ለሩዝና ለንግድ አምላክ የቆመ የሺንቶ መቅደስ ሲሆን፣ 24 ሰዓት ክፍት ነው፤ የመግቢያ ክፍያም የለበትም። ከኪዮቶ ጣቢያ በናራ መሥመር ባቡር ሁለተኛው ማቆሚያ ኢናሪ ነው፤ ከጣቢያው ሲወጡ በሩ ፊት ለፊት ይታያል። 233 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ የሚያዞረው የ4 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብርቱካንማ ቀይ በተቀቡ፣ "ቶሪ" በሚባሉ በሮች ተጠጋግቶ የተሸፈነ ነው። በሮቹን የሚተክሉት ነጋዴዎችና ኩባንያዎች ናቸው። ወደ ላይ ሲወጡ የሚታየው ባዶ ቀይ እንጨት ነው፤ ዞር ብለው ወደ መጡበት ሲመለከቱ ግን በየምሰሶው ላይ የሰጪው ስምና የተተከለበት ቀን በጥቁር ቀለም ተቀርጾ ይነበባል። ስለሆነም አንድ ቦታ ቆሞ ወደ ላይም ወደ ታችም ማንሳት ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ይሰጣል። ከበሮቹ ሥር ጨለማ ስለሆነ የብርሃን ስሜት ቁጥሩን፣ አይ ኤስ ኦ የሚባለውን፣ ወደ 800 ወይም 1,600 ከፍ ማድረግ፣ የመዝጊያውንም ፍጥነት በባለ 35 ሚሊሜትሩ ሌንስ ከ1/50 ሰከንድ በታች አለማውረድ ይበጃል፤ ከዚያ ካነሰ የእጅ መንቀጥቀጥ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። ብዙው ጎብኚ ከመጀመሪያዎቹ በሮች አልፎ አይሄድም። ግማሽ መንገድ ላይ ዮትሱትሱጂ ከሚባለው መስቀለኛ የደረሰ ሰው ከተማዋን ከእግሩ ሥር ያያታል።

ኪዮሚዙ ደራ በምሥራቁ ተራራ ጎን ያለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። የአሁኑ ዋና ሕንፃ በ1633 የተሠራ ሲሆን ከገደሉ 13 ሜትር ከፍ ብሎ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመው ሰገነቱ የታወቀ ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት ይከፈታል። ጀማሪ የሚሳሳተው ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ሰገነቱን ለማንሳት በመሞከሩ ነው። የሚያዩት ከሰገነቱ ሳይሆን በስተምሥራቅ ካለው ኦኩኖ ኢን ከሚባለው ሕንፃ ፊት ቆሞ ወደ ምዕራብ በመመልከት ነው። ጧት ብርሃኑ ከአንሺው ጀርባ መጥቶ እንጨቱን ያሳያል፤ ማታ ፀሐይዋ ከፊት ስለምትሆን የሰገነቱ ቅርጽ ብቻ ጥቁር ሆኖ በቀይ ሰማይ ላይ ይቀራል። የትኛው ይሻላል የሚለው የእያንዳንዱ ምርጫ ነው።

የወርቁ ቤት፣ ኪንካኩጂ፣ የካሜራን ሞኝነት ለመማር የሚያመች ቦታ ነው። ቤቱን በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎት በ1955 እንደገና የተሠራ ሲሆን፣ ወርቁም በ1987 በአዲስ ተለብጧል። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ከወርቁ ዙሪያ ያለው ጥቁር የጥድ ደን ሰፊ ስለሆነ፣ መለኪያው ቦታው ጨለማ ነው ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ወርቁም ነጭ ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ የመጨመሪያና የመቀነሻውን ቁልፍ ወደ መቀነስ፣ ግማሽ ወይም አንድ ደረጃ ያህል፣ መዞር ነው። በረዶ በጣለ ቀን ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ነጩ ስለሚበዛ መለኪያው ብርሃን ይቀንሳል፣ በረዶውም አመድ ይመስላል፤ ያኔ መጨመር ነው። ይህን አንድ ቁልፍ የተረዳ ሰው አዲስ ካሜራ ከገዛ ሰው ይበልጣል።

ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል በእግር ሲሄዱ ሪዮአንጂ ይገኛል። 25 ሜትር በ10 ሜትር ያህል በሆነ ነጭ ጠጠር ላይ 15 ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ድንጋዮቹ የተደረደሩት ከሰገነቱ ላይ የትም ቢቀመጡ ቢያንስ አንዱ እንዲሰወር ሆኖ ነው። ሁሉንም በአንድ ፎቶ ለማግባት ሰፊ ሌንስ ገዝቶ የሚታገል ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ አትክልቱን የሠራው ሰው ግን ከመቶ ዓመታት በፊት ቀድሞታል።

ሳንጁሳንጌንዶን ለመጎብኘት ካሜራውን በቦርሳ መክተት ግዴታ ነው። 120 ሜትር ያህል በሚረዝመው በዚህ የእንጨት አዳራሽ የምሕረት እመቤት የምትባለው የካንኖን 1,001 ሐውልቶች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ውስጡን ፎቶ ማንሳት ፈጽሞ አይፈቀድም። የሚገርመው ነገር ካኖን የተባለው የካሜራ ፋብሪካ ስሙን ያገኘው ከዚህችው ካንኖን መሆኑ ነው፤ በ1934 የተሠራው የመጀመሪያ የሙከራ ካሜራው በስሟ ተጠርቶ ነበር። እንግዲህ ካሜራ በስሟ የተሰየመላት እመቤት በቤቷ ካሜራ አታስገባም።

በዚሁ በናራ መሥመር ከኢናሪ አልፎ ኡጂ ይደረሳል። በዚያ ያለው ቢዮዶ ኢን በ1053 የተሠራ አዳራሽ ነው፤ ሥዕሉን ለማየት የፈለገ ከኪሱ ባለ 10 የን ሳንቲም ያውጣ። አዳራሹ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ በኩሬው ማዶ የቆመ ሰው የሚመለከተው ወደ ምዕራብ ነው። በጧት ፊቱ ይበራል፤ ማታ ፀሐይ ከጀርባው ትገባለች። ዶሞን ኬን የተባለው ታላቁ የጃፓን ፎቶግራፍ አንሺ በ1961 እዚህ ሲሠራ ውሎ ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ ቢያይ፣ ደመናው በጣሪያው ላይ እየተጣደፈ አዳራሹ ራሱ የሚሮጥ መሰለው፤ ያን ጊዜ ያነሳው ፎቶ ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ ነው። ይኸው ሰው ከ1968 በኋላ በሕመም ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ጥንታውያን ቤተ መቅደሶችን ማንሳቱን ቀጥሎ ነበር። ግቢው ከቀኑ 11፡30 ላይ ስለሚዘጋ የፀሐይዋን መጥለቅ ከውስጥ ማየት የሚቻለው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው።

ቤተ መቅደስ ለሰለቸው ደግሞ የካሞና የታካኖ ወንዞች የሚገናኙበት የደማቺያናጊ ጫፍ አለ። ከዩኒቨርሲቲዎቹ አቅራቢያ ስለሆነ ተማሪ አይጠፋበትም። በወንዙ ላይ በኤሊ ቅርጽ የተሠሩ ትላልቅ መሻገሪያ ድንጋዮች አሉ፤ ልጅ አዋቂው እየዘለለ ይሻገራል። የሚዘለውን ሰው በአየር ላይ ለመያዝ መዝጊያውን ወደ 1/500 ሰከንድ ማፍጠን ይበቃል።

ስለ መጓጓዣ ብዙ አንልም። በከተማው አውቶቡስ ለመሐል ከተማው የሚከፈለው አንድ ወጥ ዋጋ ነው። ለብዙ ዓመታት ጎብኚዎች ይገዙት የነበረው የአውቶቡስ ብቻ የቀን ካርድ ሽያጩ በ2023 ቆሟል፤ አውቶቡስንና የምድር ውስጥ ባቡርን በአንድ የሚያጣምረው የቀን ካርድ አለ። በዝናቡ ወራት፣ ከጁን እስከ ጁላይ አጋማሽ፣ ከቀዝቃዛ ባቡር ወደ ውጭ ሲወጡ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል፤ በጨርቅ ከመጥረግ ይልቅ ካሜራውን በቦርሳው ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይሻላል። ዝናቡ ራሱ ግን ጠላት አይደለም፤ የእርጥብ ድንጋይ መንገድ መብራት ያንጸባርቃል።

ስለ ሰው ፈቃድ

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጊዮን በተባለው ጥንታዊ ሰፈር ማታ ማታ፣ ከ11፡30 እስከ 12 ሰዓት ገደማ፣ ጌይኮና ማይኮ የሚባሉ ሴቶች በባህል ልብሳቸው ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ይታያሉ። ማይኮ ማለት ሙያው ላይ ያለች ተለማማጅ ናት፤ ብዙዎቹ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በ15 ዓመታቸው የሚጀምሩ ልጆች ናቸው። ዘፈን፣ ውዝዋዜና መስተንግዶ ለዓመታት የሚማሩበት ሥራ ነው። እነዚህን ልጆች ጎብኚ ከቦ መንገድ ሲዘጋባቸው፣ እጅጌያቸውን ሲጎትት፣ በፊታቸው ላይ ብልጭታ ሲያበራ ታየ። የሰፈሩ ነዋሪዎች በ2019 በግል መንገዶቻቸው ላይ ያለ ፈቃድ ፎቶ ያነሳ 10,000 የን ይከፍላል የሚል ማስታወቂያ አቆሙ። ይህም ስላልበቃ በ2024 አንዳንዶቹን ጠባብ መንገዶች ለጎብኚ ጭራሹን ዘጉ። ገንዘቡ መንግሥት የሚያስከፍለው ቅጣት ሳይሆን የነዋሪዎቹ ውሳኔ ነው። ዋናው የሃናሚኮጂ ጎዳና ግን ዛሬም ለሁሉም ክፍት ነው።

አንዳንድ ጎብኚ ይህን ሲያነብ "በአደባባይ የሚሄድ ሰው መነሳቱን ማን ይከለክላል?" ይላል። መልሱ በዚያችው ከተማ የተገኘ በመሆኑ፣ በተለይ ተማሪ ለሆንን ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በጁን 1962 የኪዮቶ ተማሪዎች ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ሰልፉ ከተፈቀደለት ሥርዓት ወጥቷል በማለት አንድ ፖሊስ ከፊት ያሉትን ፎቶ አነሳ። አንድ ተማሪ ለምን ታነሳናለህ ብሎ ተቃወመ፤ በግርግሩም ፖሊሱን በያዘው የባንዲራ ዘንግ መታው፣ ተከሰሰም። ክርክሩ ከሥር ፍርድ ቤት ተነስቶ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዲሴምበር 24 ቀን 1969 ታላቁ ችሎት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 መሠረት ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ መልኩና ሁኔታው ፎቶ ያለመነሳት ነፃነት አለው፣ ፖሊስም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት ይህን መጣስ አይችልም ሲል ፈረደ። ለተማሪው ግን አልጠቀመውም። ወንጀል ሲፈጸም፣ ማስረጃው አስቸኳይ ሲሆንና አነሳሱም ከመጠን ያላለፈ ሲሆን ፖሊስ ማንሳት ይችላል ብሎ፣ ይግባኙን ውድቅ አደረገው። ተማሪው ተሸነፈ፤ የተናገረው ነገር ግን የአገሪቱ የሕግ መሠረት ሆኖ ቀረ። ዛሬ በጃፓን የሰውን ምስል ስለ ማንሳትና ስለ ማሳተም የሚነሳ ክርክር ሁሉ ወደዚህ ፍርድ ይመለሳል።

ሰላማዊ ሰልፍ ወጥቶ የሚያውቅ አባል ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ካሜራ የደቀነውን ሰው ማንነት ሳያውቅ ፊቱን በባንዲራ የሸፈነበትን ቀን አይረሳም። ካሜራ በማን እጅ እንዳለ የሚያሳስበው ሰው ካሜራው በራሱ እጅ ሲሆን ያንኑ ነገር ቢረሳ አያስገርምም ትላላችሁ? አገራችንስ ብትሆን? ላሊበላ ላይ ስትጸልይ የነበረች እናት ቀና ስትል ሌንስ አፍንጫዋ ሥር ታገኛለች። በኦሞ ሸለቆ የሙርሲ ሰዎች ለአንድ ፎቶ ዋጋ መጠየቅ የጀመሩት ጎብኚ ሳይጠይቃቸው አንስቶ መሄድ ልማድ ስላደረገው ነው፤ ያው ጎብኚ አሁን ገንዘብ ወዳድ ሆኑ ብሎ ይወቅሳቸዋል። እኛ ከሌንሱ ፊት የመቆምን ነገር ከማንም በላይ የምናውቅ ሕዝቦች ነን። በጊዮን ጥግ አድፍጦ የ15 ዓመት ልጅ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ማየት በበኩሌ ያሳፍረኛል።

አጠያየቁ አስቸጋሪ አይደለም። "ሻሺን ኦ ቶቴሞ ኢ ዴስ ካ" ማለት ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል ወይ ማለት ነው። ጃፓናዊ በቀጥታ እንቢ ማለት አይወድም፤ "ቾቶ" ብሎ ቃሉን ካንጠለጠለና አንገቱን ዘንበል ካደረገ እንቢ ማለቱ ነው። ሁለት ክንዱን በደረቱ ላይ ካጣመረ ደግሞ ክልከላው የማያሻማ ነው። "ሳትሱኤ ኪንሺ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ቦታ ማንሳት የተከለከለ ነው፤ ፊደሉን ማንበብ የማይችል የተሰረዘውን የካሜራ ሥዕል ይፈልግ። በቶፉኩጂ የመጸው ቅጠል በሚቀላበት ወቅት ከድልድዩ ላይ ማንሳት ይከለከላል፤ ምክንያቱ ሃይማኖት ሳይሆን ሕዝቡ ቆሞ ድልድዩን ስለሚያጨናንቅ ነው። በኒሺኪ ገበያ ባለ ሱቁን ጠይቆ፣ የሚገዛውን ገዝቶ፣ ከዚያ ማንሳት የተለመደ ጨዋነት ነው። ሲፈቀድ ደግሞ ባለ 35 ሚሊሜትሩ ሌንስ ጥቅሙ ይታያል፤ ከሰው ጋር የሚያነጋግር ርቀት ላይ ስለሚያቆም፣ የተነሳው ሰው ማን እንዳነሳው ያያል።

ፈቅዶ ለተነሳ ሰው ፎቶውን አትሞ መስጠት በጃፓን በጣም ቀላል ነው። በየመንገዱ ያሉት ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩ ሱቆች ውስጥ ያለው የማባዣ ማሽን ከስልክም ሆነ ከካርድ ፎቶ ያትማል። "ኤል" የሚባለውን መጠን፣ ማለትም 89 በ127 ሚሊሜትር የሆነውን፣ መምረጥ ነው፤ ዋጋው ከመቶ የን በታች ነው። አንዳንዶቹ ማሽኖች ትእዛዛቸውን በእንግሊዝኛም ስለሚያሳዩ ቋንቋው አያስቸግርም። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ገበያ ሲያልፉ ለባለ ሱቁ በሁለት እጅ ይሰጣል፤ በአንድ እጅ መስጠት እንደ እኛው አገር ነውር ነው።